ሚዳቋዋ የማን ናት?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ፣ ከተማዋ ገና ከኋላ ሳትርቅ፣ ወለቃ ትገኛለች። መንገድ ዳር ሴቶች ሸክላ ይሸጣሉ፤ ጀበና፣ አንበሳ፣ ንግሥተ ሳባ። እኔ ያነሣሁት አንገቷን ወደ ኋላ የመለሰች ትንሽ ሚዳቋ ነበረች።

ሰሞኑን ስለ አሜሪካኖች አደን ሳነብ ሰንብቼ ነበርና እሷን ሳይ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ፕሮንግሆርን የሚሉት የሜዳ እንስሳ አላቸው። በሩጫ በአህጉሩ የሚደርስበት የለም፤ የሽቦ አጥር ሲገጥመው ግን መዝለሉን ትቶ በሆዱ ተስቦ ከሥር ይሾልካል። መሬቱ የባለርስቱ፣ እንስሳው የሕዝብ ነው። ስለዚህ አዳኙ ከመንግሥት ፈቃድ ያወጣና ደግሞ የባለመሬቱን በር ያንኳኳል።

እኛ ዘንድ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መሬት የግል አይደለም፤ በገበሬው እጅ ያለው የይዞታ ደብተር ነው። ከዚያ በፊት ርስት ነበር። ወለቃ ላይ ቆሞ ርስትን ማሰብ ግን ይከብዳል። እዚህ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ይስሐቅ ድል ሲያደርጋቸው ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው ፈረደ ይባላል። መሬት ያጣው ብረት ቀጠቀጠ፣ ሚስቱ ሸክላ ሠራች። የሌላው ርስት በእሱ ማረሻ ታረሰ፤ የሌላው ግዳይ በእሱ ጦር ወደቀ። በፉከራው ውስጥ ጦረኛው እንጂ ጦር ሠሪው ስም የለውም።

ይህስ ይሁን። ያው ሰው ሌሊት ጅብ እየሆነ ይዞራል ተባለ። ቀን ማረሻውን ሊያስመታ ከፊቱ ተቀምጦ የዋለ ክርስቲያን ገበሬ፣ ማታ እሱኑ ፈርቶ በሩን ይቀረቅራል። በወናፉ አጠገብ ተቀምጠው ምን እያወሩ ይሆን የዋሉት? ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ምናልባትም ማሳ ስለገባች ሚዳቋ። ሚዳቋ ደግሞ በኦሪት ከሚበሉት ተቆጥራለች፤ ኦሪቱን ሁለቱም ያከብራሉ። አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይቀምስም ነበር።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወለቃ ላይ በየግድግዳው የዳዊት ኮከብ ቀርቷል፤ ሸክላውም አልቆመም።

«እማማ፣ አፈሩን ከየት ያመጡታል?»

«ከሰው ማሳ ነው ልጄ። ባለቤቱን አስፈቅደን ነው የምንቆፍር።»

«ሚዳቋዋንስ አይተዋት ያውቃሉ?»

ከእጄ ተቀብለው አቧራዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ልጅ ሳለሁ። ከገብሱ ውስጥ ብድግ አለች፣ ወንዙን ተሻገረች፤ ማዶ ሆና እንዲህ ዞራ አየችኝ።»