ባሕር ማዶ የተፈጸመ ጋብቻና የአገር ቤት መዝገብ



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከጣሊያን ለዕረፍት የመጣ አንድ ወጣት ከእጮኛው ጋር ሆኖ ወደ ቁምስናችን ጽሕፈት ቤት መጣ። የተጠመቀው በእኛው ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበር መዝገበ ጥምቀቱን አውጥቼ ስሙን ፈለግሁ፤ ከስሙ አጠገብ ያለው ኅዳግ ነጭ ነበር። ከወላጆቹ ቀበሌም ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ይዞ ቀርቧል። ሽማግሌ ተልኮ እሺታ ተገኝቷል፤ ጠላው ተጠንስሷል። ስማቸው ለሁለተኛ ጊዜ በተነበበበት እሑድ ግን አንዲት እናት ሕዝቡ ከቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «አባ፣ ይህ ልጅ እዚያ ባለትዳር ነው፤ ልጄ በሰርጉ ላይ ነበረች» አሉኝ።

አስጠርቼ ጠየቅሁት። አልካደም። «አባ፣ ያ እኮ እዚያ ነው፤ እዚህ አልተመዘገበም» አለኝ። በድፍረት የተናገረው አልነበረም፤ እውነት መስሎት ነው። ሰርጉ ቀረ፤ የልጅቷ ቤተሰብ ያፈሰሰውን እንባ ግን ማንም አልቈጠረውም። ያች አጭር ንግግሩ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋችም።

በሕግ በኩል ስሕተቱ ቶሎ ይታያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት እስከ ሆነና የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያም የጸና እንደ ሆነ በአንቀጽ 5 ይደነግጋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ደግሞ ጋብቻ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በኤምባሲዎቻችንና በቆንስላዎቻችን በኩል የሚያስመዘግቡበትን መንገድ ከፍቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራው የተጀመረው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ወጣቱ እዚያ «እሺ» ካለበት ዕለት ጀምሮ እዚህም ባለትዳር ነበር። መዝገቡ ጋብቻውን አይሠራውም፤ ያስታውቀዋል እንጂ።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ይከተላል። መዝገቡ ጋብቻውን ካልሠራው፣ አለማስመዝገብ ምን በደል አለበት? የቢሮ ሥርዓትን ከመጣስ ያለፈ ጥፋት ነውን?

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጥያቄ ረጅም ዘመን ደክማበታለች። ጋብቻን የሚያስገኘው የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንደ ሆነ፣ ይህንንም ፈቃድ ማንኛውም ሰብአዊ ሥልጣን ሊተካው እንደማይችል ሁልጊዜ ታስተምራለች። ስለዚህም ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ምስክር በስውር የተፈጸሙ ጋብቻዎች እንኳ እንደ እውነተኛ ጋብቻ ይቈጠሩ ነበር። የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ዓ.ም. ይህን አልካደም። ያሳዘነው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ወንዶች በስውር ያገቧትን የመጀመሪያይቱን ሚስት ትተው ሌላዋን በአደባባይ ሲያገቡ፣ ስውሩን የማትመረምር ቤተ ክርስቲያንም ለተተወችው ልትደርስላት አለመቻሏ ነው። ከዚህ የተነሣ ጋብቻ በቆሞስና በምስክሮች ፊት እንዲፈጸምና ቆሞሱም በመዝገብ እንዲጽፈው አዘዘ። በር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 10ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ደግሞ ጋብቻው ተጋቢዎቹ በተጠመቁበት መዝገብም እንዲጻፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ይህንኑ በቀኖና 841 ሲያጸና፣ ያጋባው ቆሞስ ማስታወቂያውን ወደ ጥምቀቱ ቁምስና እንዲልክ፣ መጻፉም እስኪነገረው ድረስ እንዳያርፍ ያዝዛል። ደረቅ በሚባለው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ «አይረፍ» የሚል ቃል ማግኘቴ ተማሪ ሳለሁ ያስገርመኝ ነበር፤ አሁን አይገርመኝም።

የአገራችን ገበሬ መዝገብ አያስፈልገውም ነበር ቢባል ብዙ ሐሰት የለበትም። ሽማግሌ ይላካል፤ ሰማንያ ሲታሰር ምስክርና ዋስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የማን ሚስት እንደ ሆነች የወንዙ መንገድ፣ ገበያውና እድሩ ያውቃሉ። ሕጋችንም ይህን አክብሮ፣ የምስክር ወረቀት በታጣ ጊዜ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና እንዲሁ ሲታወቁ መኖራቸውን በምስክሮች ማስረዳት እንደሚቻል ደንግጓል። ነገር ግን በሚላኖ ከተማ በአራተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ባልና ሚስት አገር ቤት ያለ ማን ያውቃቸዋል? በሰርጋቸው ላይ የነበሩት ጓደኞቻቸው አንዱ ጀርመን፣ አንዷ ካናዳ ተበትነዋል። እንግዲህ ከመንደሩ ለወጣ ሰው መዝገቡ የመንደር ምትክ ነው። «ወረቀት ብቻ ነው» ብሎ ሊናገር የሚችል መንደር ያለው ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጣሊያን የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ አገር ሰው ሊያገባ ሲል፣ ለጋብቻው የሚከለክለው ነገር እንደሌለ የሚገልጽ ማስረጃ ከአገሩ ባለሥልጣን እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ያ ወጣትም ይህን አቅርቦ ነበር። አገሩ በሩቅ ሆና፣ «ይህ ልጄ ነጻ ነው፤ አግቡት» ብላ ለባዕድ ሹም መሰከረችለት። ጋብቻውም በቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ፤ ከላተራኖ ውል ጀምሮ በሚሠራበት ሥርዓት መሠረት ወደ መንግሥት መዝገብ ተላለፈ። አንዲት «እሺ» በዚያ አገር በሁለት መዛግብት ተጻፈች፤ በመሰከረችለት አገር ግን በአንዱም አልሰፈረችም። የቀበሌው ጸሐፊ ከዓመታት በኋላ «ያላገባ» ብሎ ሲፈርም የሚያውቀውን ጽፏል፤ አልዋሸም። የዋሸው ዝም ያለው ነው። «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ስናስተምር ስለ ራሳችን ምላስ ብቻ እንናገራለን፤ ዝምታችን ሌላውን ቅን ሰው የሐሰት ምስክር ሲያደርገውስ?

ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ዝም ያሉት አይደሉም። ባል አገር ቤት በራሱ ስም ቤት ሠርቶ ድንገት ቢሞት፣ ወንድሞቹ ላጤ እንደ ነበረ በቅን ልቡና ያምናሉ። ሚስቲቱ ማቅ ለብሳ ሳለች የጋብቻ ወረቀቷን በዚያ አገር ማረጋገጥ፣ በኤምባሲያችን ማስመስከር፣ ማስተርጐም፣ ከዚያም ከማያውቋት አማቶቿ ጋር በፍርድ ቤት መቆም ይጠብቃታል። ልጆቿም አብረዋት ይንከራተታሉ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት ወድጄው አላውቅም፤ በእንዲህ ያለው ቤት ግን ሁለቱም አብረው ሲጠፉ አይቻለሁ።

«ለመኖሪያ ፈቃድ ነው እንጂ ከልብ አይደለም» እየተባለ ስለሚፈጸመው የወረቀት ጋብቻም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እንዲህ ያለውን ጋብቻ አገር ቤት የሚያስመዘግብ ሰው የለም፤ እናቱ እንድትሰማ አይፈልግማ! ሰውዬው ግን እዚያ በሹም ፊት ቆሞ «ሚስቴ ናት» ብሏል፤ እዚህ ደግሞ «አይደለችም» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። በድህነትና በመባረር ፍርሃት ተገፍተው የገቡበትን ከሩቅ ሆኖ መኰነን ይቀላል፤ ስለዚህ ድምፄን ከፍ አላደርግም። ሆኖም ከዚህ ያለፈ ሰው ሌላ ጋብቻ ከማሰቡ በፊት ነገሩን ሳይደብቅ ለካህኑ ይንገር፤ እውነት ይሁን ሐሰት የሚመረመረው በዚያ ነው።

ግዴታው ለሁሉም እኩል ነው አልልም። ስደተኛ ሆኖ ጥገኝነት የተሰጠው ሰው የሸሸውን መንግሥት ኤምባሲ እንዲያንኳኳ ማስገደድ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. በተፈረመው የስደተኞች ስምምነት መሠረት፣ በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ መመለሱ ስደተኛነቱን ሊያስቀርበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የመንግሥቱ መዝገብ ቢዘጋበትም ለቤተሰቡ ሊያስታውቅ፣ ለተጠመቀበት ቁምስናም ሊያስነግር ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ኅዳግ ቪዛ አይጠይቅም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያገቡባቸውን ወላጆች ስታገኙ «ሰርጉ እንዴት ነበር?» ካላችሁ በኋላ «ተጻፈ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የእኔን ጥፋት ልናገር።

ያ ሰርግ ከቀረ ከወራት በኋላ፣ የጽሕፈት ቤቱን ቁም ሣጥን ሳጸዳ በአንድ ማኅደር ውስጥ የጣሊያን ቴምብር ያለበት ፖስታ አገኘሁ። ከዚያ አገር ቆሞስ የተላከ የጋብቻ ማስታወቂያ ነበር፤ የወጣቱ ስም፣ የሚስቱ ስም፣ ቀኑ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተጽፎበታል። በራስጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይመዝገብ» የሚል አለበት። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ደብዳቤው ደርሶኝ፣ አንብቤው፣ «ይመዝገብ» ብዬበት፣ ሳልመዘግበው በማኅደሩ ውስጥ አስቀምጬው ኖሯል።

በዚያው ማኅደር ውስጥ ሌሎች ሰባት ነበሩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንቱንም በየኅዳጋቸው ጻፍኋቸው፤ ለስምንቱም ቆሞሳት መጻፉን አስታወቅሁ። ከጣሊያኑ ቆሞስ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መጣልኝ፤ ለዚያ ደብዳቤ መልስ ሲጠብቅ እንደ ቆየ ጽፎልኛል።