የሃይላንድ ቃርሚያ

ወዳጆቼ፣ እዚህ አያት ኮንዶሚኒየም ጥቂት ወጣቶች በእጃቸው የሠሩትን ማሽን አይቼ ተደንቄያለሁ። ባዶ ሃይላንድ ዙሪያውን እየተቆረጠ ረጅም ጥብጣብ ይሆናል፤ ጥብጣቡ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ ቀዳዳ ገብቶ በትንሽ ሞተር ሲሳብ፣ 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ሆኖ ይወጣል። የስሪዲ ፕሪንተር ዕቃ የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነቱ ክር ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ከቆሻሻ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ማሽኑ ግን ንጹሕና ያልተጨማደደ ሃይላንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጆቹ በየደጁ እየዞሩ ለመኑ፤ ሰውም ደስ ብሎት ሰጠ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ሃይላንድ ለቅመው በኪሎ እየሸጡ የሚኖሩ እናት ባዶ ማዳበሪያቸውን ይዘው ከበራችን ተመለሱ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የጣልነው ነገር የማን ነው? ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በባለቤቱ ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ቃርሚያው በሕግ ለድሃ የተተወ ነበር። የእኛ ሰፈር ቃርሚያ ሃይላንድ ነው። «አካባቢ እያጸዳን እኮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሳቸውስ? ያውም ማንም ሳያጨበጭብላቸው።

ማሽኑ ይቁም አልልም። ሃይላንዱን ከእሳቸው ግዙ፣ ቆራሌው ከሚከፍላቸው ጥቂት ጨምራችሁ። ክሩ ይወደድባችኋል፤ አውቃለሁ።

ይህን ስነግራቸው አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ሂሳብ መሥራት ጀመረ። ሌላው የእናትየውን ስም ጠየቀኝ። ስንት ዓመት በሬን ሲያንኳኩ ኖረው፣ አላውቀውም።