የቆጠብነው እህል ለማን ነው?



አሳንሶ መብላት በራሱ መልካም ምግባር ነውን? ይህን ጥያቄ ያሳደሩብኝ በጦርነት ዘመን ስለ ምግብ ቁጠባ የተለጠፉ የግድግዳ ማስታወቂያዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ኸርበርት ሁቨር ይመሩት የነበረው የምግብ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ቤተሰቦች በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ከስንዴና ከሥጋ እንዲታቀቡ በሥዕል ጠየቀ። ረቡዕና ዓርብን ለምንጾም ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ማስታወቂያው ምክንያቱንም ይናገር ነበር፤ የተረፈው ስንዴ ባሕር ተሻግሮ ለወታደሩና ለተራበው የአውሮፓ ሕዝብ ይደርሳል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ስንዴ የጫኑ መርከቦች ሲሰጥሙባት፣ እንግሊዝ ዜጎቿ የአበባ ቦታቸውን ቆፍረው አትክልት እንዲተክሉ፣ ድንችም እንዲያዘወትሩ መከረች። የገሳይ ገበሬ ይህን ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የጉና ደጋ ድንች ያለ ማስታወቂያ ስንቱን ቤተሰብ ከክረምት ረኃብ አሻግሯልና።

በእኛም አገር በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወረን «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ፤ እናቶችም በሶና ዳቦ ቆሎ ሰነቁ። በዚያው ዘመን ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የገበሬውን እህል ከገበያ በታች በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ይረከብ ነበር። ኮታውን መሙላት ያቃተው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜም ነበር። ይህ አሠራር እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ። ያ ገበሬ አሳንሶ በላ፤ ቆጣቢ ነበር ብንል ግን በእርሱ ላይ መሳለቅ ይሆናል። በክፉ ቀን፣ ከብት አልቆ በሬ በጠፋ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። ሕዝቡን «ቆፍር» ለማለት ሥልጣን የሰጣቸው ዙፋኑ ብቻ አልነበረም እላለሁ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ማስታወቂያው ከግድግዳ ወረደ። የጉና ተዳፋት አፈር ግን ዛሬም በየክረምቱ እየታጠበ ይወርዳል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ምግብ መጣልን ከድሃ ማዕድ ከመስረቅ ጋር ማነጻጸራቸው፣ ስለ ሀብታም አገሮች ብቻ የተባለ ይመስለን ይሆናል። የእኛን ድግስ እንመልከት። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ለተዝካር በሬዋን ሸጣ፣ ለዘር ያስቀመጠችውንም ገብስ ለጠላ አውጥታ፣ በማግሥቱ የተረፈው እንጀራ ሻግቶ ሲጣል አይቻለሁ። ባርኬ ከበሉት መካከል እኔም አንዱ ነበርሁ፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተናገርሁም። በሰኔ ያቺ እናት መሬቷን ለእኩል ሰጠች።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ መታዘዙን ይነግረናል። እናንተ መምህራን ሆይ፣ ኀዘን የደረሰበት ቤት ስትገቡ ይህን ከድግሱ በፊት ንገሩልን። ለሟች የሚያስፈልገው ጸሎትና ቅዳሴ መሆኑን፣ በሬው ለእርሻ፣ ገብሱም ለዘር መቆየት እንደሚችል አስረዱ። የሰፈሩ ሰው «ንፉግ» ቢላት መልስ የሚሰጥላት ያስፈልጋታልና፣ እኛ ካህናት አስቀድመን በትንሹ ማዕድ እንቀመጥ።