ወገንተኝነት የሃይማኖት ካባ ሲደርብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በአንድ ዘመቻ ላይ አንድ ሙሃጂርና አንድ አንሷሪ ተጣሉ። አንዱ ሙሃጂሮችን፣ ሌላው አንሷሮችን ድረሱልኝ ብሎ ተጣራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በሰሙ ጊዜ የጃሂሊያ ጥሪ መሆኑን ገልጸው፣ የከረፋ ነገር ነውና እንዲተዉት አዘዙ። ልብ እንበል! ሙሃጂርና አንሷር አላህ በቁርኣኑ ያወደሳቸው የክብር ስሞች ናቸው። ስሞቹ አልከረፉም። የከረፋው፣ ማን በደለ ማን ተበደለ ሳይባል ሰውን በስም ብቻ አሰልፎ ለጠብ መጥራቱ ነው።

ይህ ጥሪ የመንግሥት ሥርዓት ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ማወቅ የሚሻ ሊባኖስን ይመልከት። 18 የሃይማኖት ወገኖች በሕግ የታወቁባት ትንሽ አገር ናት። ነፃነቷን ባገኘችበት በ1943 (እ.ኤ.አ.) መሪዎቿ ባልተጻፈ ስምምነት ሥልጣን ተከፋፈሉ። ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ ሆነ፤ የፓርላማው አፈ ጉባኤነትም የሺዓ ድርሻ ሆኖ ጸና። የፓርላማ መቀመጫም ለ5 ሙስሊም 6 ክርስቲያን ተብሎ ተደለደለ። መሠረቱ የ1932ቱ የሕዝብ ቆጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ይፋ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም። ለምን ቢባል፣ ቁጥሩ ከተነካ ድርሻው ይነካልና!

ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው ጦርነት፣ የውጭ መንግሥታትም እጃቸውን አስገብተውበት፣ 150 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ታጣቂው ሁሉ ወገኔን እጠብቃለሁ ባይ ነበር። ሆኖም በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመታት ሁለቱ የሺዓ ድርጅቶች፣ አማልና ሒዝቡላህ፣ እርስ በርስ ተጋደሉ። በ1990 ደግሞ የጄኔራል ሚሼል ዓውን ጦርና «የሊባኖስ ኃይሎች» የተባለው የክርስቲያን ሚሊሻ በገዛ ወገኖቻቸው መንደር ውስጥ በመድፍ ተደባደቡ። ጠቡ የእምነት ቢሆን ኖሮ የአንድ እምነት ልጆች ለምን ተጨራረሱ? ጠቡ የወንበር ነበር።

በ1989 የተፈረመው የጣኢፍ ስምምነት የፓርላማውን መቀመጫ ለሁለቱ እኩል አካፈለ፤ በወገን መደልደሉም ቀስ በቀስ እንዲቀር ቃል አስገባ። ቃሉ ግን አልተፈጸመም። በ1991 የምሕረት አዋጅ ወጣ፤ የሚሊሻ አለቆችም የሚኒስትር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኦገስት 4 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በቤይሩት ወደብ መጋዘን ለዓመታት ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እሳቱ ሱኒ ነህ፣ ሺዓ ነህ፣ ማሮናዊ ነህ ብሎ አልጠየቀም። ተጠያቂነት ሲመጣ ግን ስማቸው የተነሳ ፖለቲከኞች ባቀረቧቸው አቤቱታዎች ምርመራው ለረጅም ጊዜ ተሰናከለ። ሙታን የሁሉም ሆኑ፤ ፍትሕ ግን የማንም አልሆነም።

ቤይሩት ለእኛ ሩቅ አይደለችም። ብዙ እህቶቻችን በቤት ሠራተኝነት ኖረውባታል። በ2020 ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎቻቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸውን ዓለም አይቷል። የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ አይመለከታቸውም፤ የሚሟገትላቸው የወገን አለቃም የላቸውም። ከለላ በወገን ብቻ በሚገኝበት አገር ወገን የሌለው ምን ይሁን?

አንዳንዶች «ድርሻችንን ካልያዝን ሌላው ይውጠናል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ የተገፋ ሰው ይፈራል። መብትን መጠየቅም ዓሰቢያ አይደለም። ዓሰቢያ የሚሆነው የእኛ ሰው ስለሆነ ብቻ የሌባውን ስርቆት ስንሸፍን፣ የእኛ ስላልሆነ ብቻ የተበደለውን ስንተው ነው።

ሙፈሲሮች እንደዘገቡት፣ በመዲና አንድ ሰው የሰረቀውን የጦር ልብስ በአንድ አይሁዳዊ ላይ አላከከ። ዘመዶቹም ሊሟገቱለት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። በሱረቱ ኒሳእ የወረዱት አንቀጾች ግን አይሁዳዊውን ነፃ አወጡ፤ ለከዳተኞች መሟገትንም ከለከሉ። በዚያን ጊዜ ሙስሊሞች በጠላት የተከበቡ ጥቂቶች ነበሩ። «አሁን ገመናችንን አናውጣ» አልተባለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይ ወንድማችንን እንዴት እንደምንረዳ ሲጠየቁም እጁን ከበደል በመያዝ መሆኑን አስተምረዋል።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመርምር። በመሥሪያ ቤት ሰው ስንቀጥር፣ በገበያ ስንመሰክር፣ በጎረቤት ጠብ መካከል ስንገባ አስቀድመን የምንጠይቀው ምንድን ነው? የሰውየውን ስም ነው ወይስ እውነቱን? ሊባኖስን ያፈረሰው መድፍ ብቻ አይደለም። ከመድፉ በፊት ይህ ጥያቄ በየቤቱ ተገልብጦ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ የምንቆም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ