ትርፉ የባለ ፋብሪካው፣ ዝቃጩስ የማን ነው?

የዒድ አል-አድሃ በዓል በዋለ ማግስት በአዲስ አበባ መንደሮች የሚታየውን ነገር ልብ ሳትሉት የቀራችሁ አይመስለኝም። ቀደም ባሉት ጊዜያት የኡዱሒያው በግ ሌጦ ገና ሳይደርቅ የቆዳ ገዢዎች ጥሪ በየበሩ ይሰማ ነበር። ሌጦው በሰደቃ ለመስጊድ ወይም ለችግረኛ ይሰጥና ከዚያ ወደ ፋብሪካ ይጓዛል። ባለፉት ዓመታት ግን የቆዳ ዋጋ በመውደቁ በየቦዩና በየቆሻሻ ገንዳው ተጥሎ ሲሸት ማየት የተለመደ ሆኗል። «ሀብታችን በከንቱ ባከነ» የሚለው ቁጭት ተገቢ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንዲት የሞተች በግ አጠገብ ሲያልፉ፣ ባለቤቶቿ ቢያንስ ቆዳዋን አልፍተው ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደነበር ማመልከታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የሚጣለውን ነገር ወደ ጥቅም መመለስ ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ለመሆኑ ሌጦው ሳይጣል ቀርቶ ፋብሪካ ቢገባስ? ምን ያህሉ ቆዳ ሆኖ ይወጣል? የቀረውስ ወዴት ይሄዳል?

ጨው ከተነሰነሰበት 1,000 ኪሎ ግራም ጥሬ ቆዳ የሚገኘው ያለቀለት ቆዳ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። ሌላው ጨው፣ ፀጉር፣ ስብ፣ የሥጋ ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። ለዚሁ ሥራ በተለመደው አሠራር 30,000 ሊትርና ከዚያም በላይ ውኃ ይፈስሳል። ፀጉሩን ለማንሳት ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ፣ ቆዳውን ለማልፋት ደግሞ ክሮም ይጨመራል። ከሚጨመረው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ገደማ ብቻ ሲሆን የተረፈው ከውኃው ጋር ይወጣል። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች በወንዙ ዳርና አካባቢ ተተክለዋል። ወንዙም ወደ ቆቃ ሐይቅ ይወርዳል። ከፋብሪካው በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ አትክልቱንም የሚያለማው ከዚሁ ውኃ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ባለ ፋብሪካው «ቆዳው የእኔ ነው፣ ገዝቼዋለሁ፤ ትርፉም የእኔ ነው» ይላል። ማንም አይከራከረውም። ስለ ዝቃጩ ሲጠየቅ ግን «ወንዙ ይወስደዋል» የሚል መልስ ይሰጣል። አንድ ሰው ከንብረቱ ውስጥ የሚወደውን ብቻ «የእኔ» ብሎ የሚጠላውን የሌላ ሰው ማድረግ ይችላልን? ሙሉውን ቆዳ የገዛ ሰው ፀጉሩንም፣ ስቡንም፣ የጨመረበትን ክሮምም ገዝቷል። የጣለው ነገር ከእጁ ስለወጣ ብቻ ከኃላፊነቱ አይወጣም። የማሊኪያ ፉቀሃዎች በከተማ ውስጥ ስለሚነሱ የጎረቤት ክርክሮች ሲጽፉ የሐማምና የምድጃ ጭስን፣ የቆዳ ማልፊያን መጥፎ ሽታ ሳይቀር ሊወገዱ ከሚገባቸው ጉዳቶች ጋር ቆጥረዋቸዋል። ሽታ ይህን ያህል ከታሰበበት ከብት የሚጠጣው ውኃ ምን ሊባል ነው? ትርፉ ሐላል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድ ለዑለማዎች እተወዋለሁ። ሌላው ሰው ሳይወድ በግድ የከፈለለት ወጪ በውስጡ እንዳለበት ግን ለመናገር ሙፍቲ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ጉዳይ ሕግ የለም እንዳይባል የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ሕግ ግን ተቆጣጣሪው በር ላይ እስካለ ድረስ ነው የሚሠራው። ቀሪውን ሰዓት የሚጠብቀው የሰውየው አማና ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው ፋብሪካዎቹን ከከተማ ማራቅ ነው ይላሉ። የባንግላዴሽን ታሪክ ያየ ሰው እንዲህ አይቸኩልም። በዳካ ከተማ ሐዛሪባግ በተባለው ሰፈር የነበሩት ቆዳ ፋብሪካዎች የቡሪጋንጋን ወንዝ ለአሥርተ ዓመታት ሲበክሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2017 ሳቫር ወደተባለ ቦታ እንዲዛወሩ ተደረገ። የጋራው ማጣሪያ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ስለነበር ዝቃጩ ዳሌሽዋሪ ወደሚባል ሌላ ወንዝ መግባት ጀመረ። የተለወጠው ጎረቤቱ እንጂ ጉዳቱ አልነበረም።

ሌሎች ደግሞ «መልሶ መጠቀም» በሚለው ቃል ይጽናናሉ። እርግጥ ነው፣ የተረፈው ክሮም በማግኒዚየም ኦክሳይድ ከውኃው ተለይቶ እንዲዘቅጥ ተደርጎ፣ በሰልፈሪክ አሲድ እንደገና ሟሙቶ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። ፍቅፋቂው ለባዮጋዝ፣ ቁርጥራጩ ለሙጫና ለጄላቲን ይውላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መልሶ መጠቀም ለብክነት ፈቃድ ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል። ለውዱእ ውኃ ያባከነ ሰው ውኃው አትክልት ላይ ስለፈሰሰለት ኢስራፉ አይሰረዝለትም። አስቀድሞ አለማብዛት ይበልጣል። ፀጉሩን በኬሚካል ከማሟሟት ይልቅ ሳይሟሟ ለይቶ ማንሳት፣ ቆዳው ክሮሙን ከ90 በመቶ በላይ እንዲይዝ የሚያደርገውን አሠራር መከተል፣ ቆዳን ሳይደርቅ በፍጥነት ተረክቦ ጨውን መቀነስ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ዝቃጩ ካልተፈጠረ የሚያጣራውም አያስፈልግም።

«ድሃ አገር ነን፣ ሠራተኛው ሥራ ይፈልጋል፣ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪ» የሚለው መከራከሪያ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ክሮም መልሶ መጠቀም የመግዣውን ወጪ ስለሚቀንስ ለባለ ፋብሪካውም ይበጃል። ሁሉም ዓይነት ማጣሪያ ግን ያተርፋል ብሎ መስበክ አንባቢን ማታለል ነው። ማጣሪያ ገንዘብ ይበላል፣ አነስተኛ ፋብሪካም ብቻውን ላይችለው ይችላል። ታዲያ ወጪውን ማን ይሸከም? በጋራ ማጣሪያ አማካይነት ፋብሪካዎቹና መንግሥት፣ በጫማው ዋጋ ላይም እኛ ገዢዎች ልንካፈለው እንችላለን። ከጫማው ምንም ያልተጠቀመው የሞጆ ገበሬ ብቻውን የሚሸከምበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ወደ ራሳችን ስንመጣ ደግሞ ብዙ ሌጦ ዋጋ የሚያጣው በግፈፋ ጊዜ በቢላዋ ስለሚበሳና ሳይነሳ ስለሚውል ነው። የአንድ ሰፈር ጀመዓ ገፈፋ የሚችል ሰው አዘጋጅቶ፣ ሌጦውን በዕለቱ ሰብስቦ ለፋብሪካ ቢያስረክብ የሚጣለውም ጨውም ይቀንሳል። በዚያው አጋጣሚ ኮሚቴው ለተረካቢው አንድ ጥያቄ ሊያቀርብለት ይችላል፦ «ይህ የሰደቃ ቆዳ ሲታጠብ ውኃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?»