የተጠገነችውና የተመሰገነችው

ወጣቶች ሆይ፤ ፕሉታርክ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ እንደ ተረከው፤ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ፤ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በምትኩ አዲስ ያስገቡ ነበር። ስለዚህ ፈላስፎች «መርከቢቱ ያችው ናትን? ወይስ ሌላ?» እያሉ ተከራከሩባት። እኔ ግን ይህ ክርክር በቃል ብቻ ከሚመረመር፤ በሁለት መርከቦች ታሪክ ቢመረመር ይሻላል እላለሁ።

ሐንስ ቤንዲክሰን የተባለ መርከብ ሠሪ በካሊፎርኒያ፤ በሐምቦልት ወሽመጥ፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1895 «ሲ. ኤ. ቴየር» የተባለችውን፤ በ1897 ደግሞ «ዋዎና» የተባለችውን ሠራ። ሁለቱም ከእንጨት የተሠሩ፤ ባለ ሦስት ምሰሶ፤ በሸራ የሚሄዱ የጣውላ ጫኞች ነበሩ። ጣውላ መጫን በቀረ ጊዜም ዓሣ አጥማጆችን አገለገሉ። በመጨረሻም ሁለቱም የአገር ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ፤ ቴየር በ1966፤ ዋዎና በ1970።

ከዚህ በኋላ ዕድላቸው ተለያየ። ዋዎና በሲያትል ወደብ ቆማ ስትኖር ወዳጆች አላጡአትም፤ ነገር ግን ለጥገናዋ የሚበቃ ገንዘብ ስላልተገኘ እንጨቷ በሰበሰ፤ በ2009ም ፈረሰች። ቴየር ግን እስከ 2007 በተፈጸመው ታላቅ ጥገና አብዛኛው እንጨቷ በአዲስ ተለውጦ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ለመታየት በቃች።

አንዳንድ ሰው «እንጨቷ አዲስ ከሆነ ቴየር ቅጂ እንጂ እርሷ አይደለችም» ይል ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሮጌውን ሳይመረምር ሁሉን አፍርሶ የሚሠራ ሰው በእርግጥ ሌላ መርከብ ሠራ እንጂ አልጠገነም። ጠጋኝ ግን አሮጌውን ሳንቃ ይለካል፤ ጤነኛውን ይተዋል፤ አዲሱንም በአሮጌው ልክ አበጅቶ ከነባሩ ጋር ያያይዛል። መርከብ እንጨት ብቻ አይደለችም፤ ቅርጿና የሠሪዋ ጥበብም ናት። ይህም ከእጅ ወደ እጅ እስከ ተላለፈ ድረስ መርከቢቱ ያችው ናት ብዬ አምናለሁ።

ከአባቶች የተቀበልነው ልማድም እንዲሁ ነው። እኛ ሽማግሌዎች «አትንኩት» ስንል፤ እናንተ ወጣቶችም «ጣሉት» ስትሉ፤ ሁላችንም ከጥገና ድካም መሸሻችን ነው። ምስጋና የበሰበሰውን ሳንቃ አያድነውም። እንግዲህ የምትወዱትን ነገር አስቀድማችሁ መርምሩት፤ ከዚያም፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ብልሽቱ ትንሽ ሳለ ጠግኑት።