የቅዱስ ዮሴፍ ፍርሃት

የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መርሐ ግብር፥ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ስደተኛ ይግባኝ ሳይል ወደ አገሩ ለመመለስ ከፈቀደ 800 ዩሮ፥ ውሳኔ ሳይሰጥ ማመልከቻውን ካነሣ ደግሞ 1,200 ዩሮ እንዲከፈለው ተደረገ። መመለስን አንነቅፍም፤ ቅዱስ ዮሴፍም ከግብፅ ተመልሷል። ነገር ግን የተነሣው የሕፃኑን ነፍስ የሚሹት መሞታቸውን መልአኩ ከነገረው በኋላ ነው፤ ያም ሆኖ አርኬላዎስ በይሁዳ መንገሡን ቢሰማ ፈርቶ ወደ ገሊላ ሄደ (ማቴ. 2፥19-22)። መልአክ ያዘዘው ሰው መፍራቱን ወንጌል አልነቀፈበትም። ይግባኝን በገንዘብ ማስተው ግን፥ ገንዘቡ ለስንቅ ቢበጅም፥ ፍርሃቱን ሳይሰሙ መሸኘት ይመስለናል። በዚያ ሆኖ ምክር የሚጠይቃችሁ ዘመድ ቢኖር፥ የሚፈራው ምን እንደ ሆነ፥ የይግባኙም ቀን መቼ እንደሚያበቃ አስቀድማችሁ ጠይቁት።